የዘቢደር የአራት ዓመት እቅድና የጎደለው ጢም

ተረት ልጀምር ነው፤ ወንበር ያለው ይቀመጥ፣ ወንበር የሌለው ማመልከቻ ያስገባ።

ዘቢደር የምትባል አንዲት አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። የመጣችው ከቆላ ነው፣ ስሙ ካርታ ላይ ካልወጣ ቀበሌ። በዚያ ቀበሌ አንድ የእህል ወፍጮ ነበረ። ድንጋዩ ደህና፣ ሞተሩ ደህና፣ ናፍጣውም ሙሉ፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተቆልፎ ቆመ። ሰዉ "ምን ሆኖ ነው?" ሲል "እንቢ ተብሏል" ይሉታል። "ማነው እንቢ ያለው?" ሲል "ከላይ ነው" ይሉታል። ዘቢደር ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እህሉን በጀርባዋ አዝላ ሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለው ወፍጮ ስትሄድ ቆም ትልና ወደ ላይ ታያለች። ያለው ሰማይ ነው፤ አንድ ጭልፊትም ይዞራል። ጭልፊቱን ጠረጠረችው፤ ግን ማስረጃ አልነበራትም።

"ይሄን 'እንቢ' የሚባለውን ነገር ከየት እንደሚነሳ ሳላውቅ አልሞትም" አለች። ይሄን የሚያስተምር ትምህርት የትኛው ነው ብላ ብትጠይቅ "ፖለቲካ ሳይንስ" አሏት። በቃ፣ ልቧ እዚያው ተተከለ።

የዩኒቨርሲቲውን ስም ተዉኝ፤ ብነግራችሁ የልጃችሁ ይመስላችኋል። ደንቡ ግን ይሄ ነበር፦ አዲስ ገቢ ሁሉ የአራት ዓመት እቅዱን፣ የትኛውን ትምህርት በየትኛው ዓመት እንደሚወስድ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አማካሪውን አስፈርሞ፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ለሬጅስትራር ያስገባል። ያላስገባ "ክፍት ቦታ ባለበት ይመደባል"። ክፍት ቦታ ያለው ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ነው፦ ዓሣ እርባታ። ዓሣ እርባታ የተከበረ ሙያ ነው፣ ውኃ ባለበት አገር። በዚያች ከተማ ከተጠራቀመ ውኃ ሁሉ ትልቁ የመኪና ማጠቢያው ገንዳ ነበር፤ እሱም ሳሙና አለበት።

ዘቢደር እቅዷን በማስመሪያ አስምራ፣ ሦስት ቀን ለፍታ ጻፈች። የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያና ስታትስቲክስ አንደኛ ዓመት፣ የፖለቲካ ፍልስፍና ሁለተኛ ዓመት፣ ንጽጽራዊ ፖለቲካና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሦስተኛ ዓመት፣ የምርምር ዘዴና የመመረቂያ ጽሑፍ አራተኛ ዓመት። ከግርጌ ሦስት ባዶ ቦታ አለ፦ ቁጥር፣ ማህተም፣ ፊርማ። እንደ እሷ ሐሳብ የቀራት አንዲት ፊርማ ናት። ፊርማ ምን አላት? ጭረት ናት።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአማካሪዋን የዶክተር ገረመውን በር አንኳኳች።

"ዶክተር፣ እቅዴን ይፈርሙልኛል?"

"እፈርማለሁ እንጂ! ፊርማ ደግሞ ምን ገዶኝ!" አሉና እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙ። የወረቀቱን ግርጌ አዩ፤ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። "ማህተሙስ?"

"ማህተም ከፊርማ በኋላ መስሎኝ፣ ዶክተር።"

"ለሌላው ሰው በኋላ ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ቀድሜ ፈረምኩ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ማህተሙ ስሜ ላይ ወጥቶ ተቀመጠበት። አሁን እሱ መጀመሪያ ይረፍ፤ እኔ የተረፈውን ቦታ አይቼ እፈርማለሁ። ሂጂ፣ እትዬ ብርነሽ ጋ!"

ማህተም ካልተመታ ዶክተር አይፈርሙ፤ ዶክተር ካልፈረሙ ዘቢደር ምን ትሁን? ዓሣ ታርባ!

እትዬ ብርነሽ የማህተም ያዧ ናት። ማህተሙን በቀይ መሀረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛለች፤ ባሏን የምታውስ ማህተሙን አታውስም። ዘቢደርን ደህና ተቀበለቻት፣ መሀረቡን ፈታች፣ ማህተሙን አፏ ዘንድ አቅርባ "ሃ!" ብላ ተነፈሰችበት፣ እጇን ሰቀለች። እዚያው ሰቅላ ቀረች።

"ቁጥሩስ?"

"የምን ቁጥር፣ እትዬ?"

"የወረቀቱ ቁጥር ነዋ! ቁጥር የሌለው ወረቀት ነገ ቢጠፋ ምን ጠፋ ተብሎ ይፈለጋል?"

"እኔ አላጠፋውም።"

"ማን አንቺ ታጠፊዋለሽ አለ? እኛ ነን የምናጠፋው።" እጇን አወረደች። "ይኸው ትንፋሼንም አባከንሽው። መዝገብ ቤት ሂጂና ጋሽ ሽብሩን ቁጥር ይስጡኝ በያቸው።"

ቁጥር ካልተሰጠ ማህተም አይመታ፤ ማህተም ካልተመታ ዶክተር አይፈርሙ፤ ዶክተር ካልፈረሙ ዘቢደር ምን ትሁን? ዓሣ ታርባ!

ጋሽ ሽብሩ መዝገብ ቤት ውስጥ ባዶ ጠረጴዛ ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር። እስክሪብቶ አላቸው፣ መነጽር አላቸው፣ ጊዜም አላቸው።

"ጋሼ፣ ቁጥር ይስጡኝ።"

"ቁጥርማ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ቀጥሎ ያለው አራት ሺህ ሰባት መቶ ሁለት ነው።"

"ታዲያ እሱን ይጻፉልኛ!"

"ማወቅና መስጠት ለየቅል ናቸው። ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው፤ መዝገቡ ያ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ የቁምሳጥኑ ቁልፍ አቶ ሙሉዓለም አንገት ላይ ነው፤ አቶ ሙሉዓለም ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"መቼ ይወጣሉ?"

ጋሽ ሽብሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። "አይ ልጅነት!" አሉ።

ቁልፉ ካልወጣ ቁጥር አይሰጥ፤ ቁጥር ካልተሰጠ ማህተም አይመታ፤ ማህተም ካልተመታ ዶክተር አይፈርሙ፤ ዶክተር ካልፈረሙ ዘቢደር ምን ትሁን? ዓሣ ታርባ!

ስብሰባው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ዘቢደር በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ ስድስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አንዱ ቆሎ ይቆረጥማል፣ አንዱ አንቀላፍቷል። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት ሰውዬ አንገት ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

"አቶ ሙሉዓለም እርስዎ ነዎት? ስብሰባው መቼ ያልቃል?"

"እሱስ ቢጀመር ያልቅ ነበር" አሉ በሹክሹክታ። "ከረቡዕ ጀምሮ ተቀምጠናል፤ ገና አልተከፈተም።"

"ለምን?"

"ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። አባሎቹ አሥራ ሦስት ነን፤ ስብሰባ ለመክፈት ሰባት ሰው ያስፈልጋል፤ እኛ ስድስት ነን። ከቀሩት ውስጥ ስድስቱ ሌላ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እነሱም አንድ ሰው ጎድሏቸው ቁጭ ብለዋል።"

"ካልተከፈተ ታዲያ ለምን ዘግታችሁ አትወጡም?"

የስብሰባው ሊቀመንበር ከጠረጴዛው ራስ ሆነው ሰሙ፤ ደነገጡም። "ያልተከፈተ ስብሰባ እንዴት ይዘጋል? በየትኛው አንቀጽ?"

"እሺ፣ አቶ ሙሉዓለም፣ ቁልፉን ብቻ በመስኮት ያቀብሉኝ።"

"ቁልፍ ያለ ርክክብ?" አቶ ሙሉዓለም ቁልፉን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ርክክብ በቃለ ጉባኤ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚያዘው ስብሰባ ሲከፈት ነው። ባይሆን እንዲህ አድርጊ፤ ሰባተኛችን መምህር ታከለ ነው። ግቢው በር ላይ ቆሞ እንደቀረ ሰምተናል። እሱን አምጪልን።"

"የስብሰባው አጀንዳ ግን ምንድነው?"

"የስብሰባ ብዛትን ስለመቀነስ።"

ሰው ካልሞላ ስብሰባው አይከፈት፤ ካልተከፈተ አይዘጋ፤ ካልተዘጋ ቁልፉ አይወጣ፤ ቁልፉ ካልወጣ ቁጥር አይሰጥ፤ ቁጥር ካልተሰጠ ማህተም አይመታ፤ ማህተም ካልተመታ ዶክተር አይፈርሙ፤ ዶክተር ካልፈረሙ ዘቢደር ምን ትሁን? ዓሣ ታርባ!

ሰባት ሰዓት ሆኗል። ዘቢደር ምሳዋን ትታ ወደ በሩ ሮጠች። እውነትም ከበሩ ውጭ አንድ ጉንጩ የተላጨ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከበሩ ውስጥ ደግሞ ጥበቃው ሃምሳ አለቃ ጫኔ መታወቂያ ይዞ ቆሟል። ሁለቱም የደከማቸው ይመስላሉ።

"መምህር ታከለ! ስብሰባ ላይ ይፈለጋሉ፤ ለምን አይገቡም?"

"እሱን ጠይቂው።"

"ጋሽ ጫኔ፣ ለምን አያስገቧቸውም?"

ሃምሳ አለቃ ጫኔ መታወቂያውን አሳያት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው እስከ ደረቱ የወረደ ሽበታም ጢም አለው። "እኔ የማስገባው መታወቂያው ላይ ያለውን ሰውዬ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ጢማም ነው። ይሄኛው ምንድነው? የተላጠ ድንች ነው!"

"እኔ ነኝ አልኩህ፣ ወንድሜ! አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ በር ገብቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ተላጨሁ፤ አማቴ 'ልጄን ላግባ ብሎ ለመጣ እንጂ ለመነኩሴ አልሰጠሁም' ብላ ብትነዘንዘኝ ነው።"

"መምህር፣ ማንነትዎን አጥቼው አይደለም። ሰላምታም ሰጥቼዎታለሁ። ግን መተዋወቅ ሌላ፣ መመሳሰል ሌላ። ጢሙን ይዘው ይምጡ፤ በሩ የእርስዎ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ሄደው አያመጡትም?" አለች ዘቢደር መምህሩን።

"ከዚህ ድንጋይ ከተነሳሁ 'ቀረ' ተብዬ እመዘገባለሁ፤ እዚህ እስካለሁ ድረስ ግን 'እየመጣ ነው' ነኝ። ሦስት ቀኔ ስመጣ። አንቺ ሂጂ፤ ኑርዬ ፀጉር አስተካካዩ ነው የላጨኝ፤ ጢሜ እዚያ ነው ያለው።"

የዘቢደር መታወቂያ ላይ ያለው ፎቶ ማንንም ስለማይመስል፣ ከማንም ጋር አልተጣላም፤ ወጣች።

ጢም ካልተገኘ ጥበቃው አያስገባ፤ መምህር ታከለ ካልገባ ሰው አይሞላ፤ ሰው ካልሞላ ስብሰባው አይከፈት፤ ካልተከፈተ አይዘጋ፤ ካልተዘጋ ቁልፉ አይወጣ፤ ቁልፉ ካልወጣ ቁጥር አይሰጥ፤ ቁጥር ካልተሰጠ ማህተም አይመታ፤ ማህተም ካልተመታ ዶክተር አይፈርሙ፤ ዶክተር ካልፈረሙ ዘቢደር ምን ትሁን? ዓሣ ታርባ!

ኑርዬ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፀጉሩን እየከረከመ ሳለ ደረሰች።

"ጋሽ ኑርዬ፣ ማክሰኞ የላጩትን ጢም ይመልሱልኝ።"

የኑርዬ መቀስ ቆመ። "ሃያ ዓመት ሠራሁ" አለ ለደንበኛው፣ "'አላማረብኝም' ያለ አለ፣ 'ጆሮዬን ነካኸኝ' ያለ አለ። 'መልስልኝ' ስባል ግን ዛሬ ነው።" ወደ እሷ ዞረ። "እህቴ፣ ያ ጢም የለም። ጠረግኩት፣ ንፋስ ወሰደው። ያን የመሰለ ጢም ደግሞ ፈልጌም አላገኝ፤ እንዲያ የሸበተ፣ እንዲያ ጫፉ የሾለ ጢም በዚህ ሰፈር ያለው..."

መቀሱን ወደ በሩ ቀሰረ። ዘቢደርም ዞረች። ደንበኛውም በመስታወቱ ውስጥ አየ። በሩ ላይ የታሰረች የኑርዬ ፍየል ሽበታም፣ ጫፉ የሾለ ጢሟን እያወዛወዘች ታመነዥጋለች።

"መምህር ታከለ!" አለ ደንበኛው።

"መለጠፉ በእኔ ይሁን፤ ሙጫ አለኝ" አለ ኑርዬ። "ግን በግድ አልቆርጣትም። ባለፈው ዓመት ጥፍሯን ልከርክም ብዬ መስታወቴን በእርግጫ አወረደችው። አንቺው አነጋግሪያት።"

ጢም ካልተሰጠ ኑርዬ አይለጥፍ፤ ካልተለጠፈ ጥበቃው አያስገባ፤ መምህር ታከለ ካልገባ ሰው አይሞላ፤ ሰው ካልሞላ ስብሰባው አይከፈት፤ ካልተከፈተ አይዘጋ፤ ካልተዘጋ ቁልፉ አይወጣ፤ ቁልፉ ካልወጣ ቁጥር አይሰጥ፤ ቁጥር ካልተሰጠ ማህተም አይመታ፤ ማህተም ካልተመታ ዶክተር አይፈርሙ፤ ዶክተር ካልፈረሙ ዘቢደር ምን ትሁን? ዓሣ ታርባ!

ዘቢደር ፍየሏ ፊት ቁጢጥ አለች። "እሜቴ ፍየል፣ ጢምሽን ትሰጪኛለሽ?"

ፍየሏም ተናገረች። ተረት ነውና ትናገራለች፤ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ከሰማኋቸው ከብዙዎቹ ትሻላለች።

"እሰጥሻለሁ፤ ምን ታበይኛለሽ?"

"ሣር ላምጣልሽ? ቅጠል?"

"ሣር?" ፍየሏ ተቀየመች። "እኔ የዩኒቨርሲቲ አጥር ሥር ተወልጄ ሣር የት አውቃለሁ? ያደግሁት በወረቀት ነው። ማስታወቂያ፣ ጥሪ፣ የፈተና ፕሮግራም። ወረቀት አምጪልኝ።"

"ወረቀትማ ምን ጠፍቶ! ሰሌዳው ሞልቷል፣ ገንጥዬ..."

"ቆይ! ማህተም ያረፈበት አልበላም። ቀለሙ ያቃጥለኛል፣ ቃር ነው የሚሆንብኝ። ማህተም ያልነካው ንጹሕ ወረቀት።"

ዘቢደር ግቢውን በሐሳቧ ዞረችው። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ማህተም አለበት። የካፌው የምግብ ዝርዝር ማህተም አለበት። ሽንት ቤቱ በር ላይ "ተበላሽቷል" የሚለው እንኳ ማህተም አለበት። ማህተም ያላረፈበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። እሱን በደረቷ አቅፋ ይዛዋለች።

ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል።

ፍየሏ ወረቀት ካልበላች ጢም አትሰጥ፤ ጢም ካልተሰጠ ኑርዬ አይለጥፍ፤ ካልተለጠፈ ጥበቃው አያስገባ፤ መምህር ታከለ ካልገባ ሰው አይሞላ፤ ሰው ካልሞላ ስብሰባው አይከፈት፤ ካልተከፈተ አይዘጋ፤ ካልተዘጋ ቁልፉ አይወጣ፤ ቁልፉ ካልወጣ ቁጥር አይሰጥ፤ ቁጥር ካልተሰጠ ማህተም አይመታ፤ ማህተም ካልተመታ ዶክተር አይፈርሙ፤ ዶክተር ካልፈረሙ ዘቢደር ምን ትሁን? ዓሣ ታርባ!

"እቅዱን ለማስፈረም እቅዱን ላብላ?" አለች ዘቢደር።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ" አለ ኑርዬ። "እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት።"

ዘቢደር እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ወረቀቱን ዘረጋች። አንደኛ ዓመትን በማስመሪያው መስመር ልክ ቀደደችና አቀረበችላት። ፍየሏ የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያን ሳታላምጥ ዋጠችው፤ ስታትስቲክስ ላይ ትንሽ አነቃት። ሁለተኛ ዓመት ቀጠለ፤ የፖለቲካ ፍልስፍናን አፏ ውስጥ ብዙ አገላበጠችው፣ መልሳም አመነዠገችው፤ እሱስ የሚበላው እንዲያ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን በአንድ ጉርሻ አነሳችው። አራተኛ ዓመት ሲደርስ ጭራዋን ቆላች። የመመረቂያ ጽሑፉን ጨርሳ ወደ ግርጌው አፏን ስትሰድ፣ ዘቢደር ወረቀቱን መንጭቃ ወሰደች። አንዲት የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ ቀረች፦ ቁጥር፣ ማህተም፣ ፊርማ።

"ደህና እቅድ ነበር" አለች ፍየሏ። "አራተኛው ዓመት ላይ ጨው አንሶታል። በል፣ ኑርዬ፣ ቁረጥ።"

ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዘው!

ፍየሏ ጢም ሰጠች፤ ኑርዬ በሩ ድረስ ሮጦ መምህሩ አገጭ ላይ ለጠፈ፤ ሃምሳ አለቃ ጫኔ መታወቂያውንም ጢሙንም አስተያየና "አሁን ገና ሰው መሰሉ፣ መምህር!" ብሎ አስገባ፤ መምህር ታከለ ገባ፤ ሰው ሞላ፤ ሊቀመንበሩ "ስብሰባው ተከፍቷል፤ አጀንዳው ስብሰባ መቀነስ ነው፤ ስለዚህ ይሄኛው ተዘግቷል" አሉ፣ ተጨበጨበም፤ ቁልፉ በርክክብ ወጣ፤ ጋሽ ሽብሩ ቁጥር ሰጡ፣ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሁለት፤ እትዬ ብርነሽ "ሃ!" ብላ ተነፈሰች፣ ጧ! አደረገችው፤ ዶክተር ገረመው ማህተሙ ያልያዘውን ጥግ አይተው ፈረሙ።

ፈርመው ሲያበቁ ወረቀቱን አነሱት። ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት፣ ወደ መብራቱ አነሱት።

"የኔ ልጅ... እቅዱስ?"

"ፍየል በላው፣ ዶክተር።"

"ሁሉንም?"

"አራቱንም ዓመት" አለች ቁራጯን ከእጃቸው መልሳ እየተቀበለች።

"እና እኔ ምን ላይ ነው የፈረምኩት?" ቀሉ። "በባዶ ነገር ላይ! አንቺ ልጅ፣ ገደል ልትከቺኝ ነው! አምጪው፣ ፊርማዬን እሰርዘዋለሁ!"

አሥራ አንድ ሰዓት ለመሙላት ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ዘቢደር ቁራጯን ለማቀበል እጇን ዘረጋች። ዘርግታ ሳለች ግን የሆነ ነገር በአእምሮዋ ብልጭ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ስትዞር የዋለችው ሰንሰለት ሌላው ጫፉም እንደሚያዝ ታያት።

"ይሰርዙት፣ ዶክተር" አለች በትሕትና። "ግን ስርዝ ያለ ማህተም ዋጋ አለው? እትዬ ብርነሽ ስርዙ ላይ ማህተም ትምታበት። ያለ ቁጥር አትመታም፤ ጋሽ ሽብሩ አዲስ ቁጥር ይስጡ። ጋሽ ሽብሩ መዝገቡን መልሰው ቆልፈዋል፤ ቁልፉ አቶ ሙሉዓለም አንገት ላይ ነው። አቶ ሙሉዓለም የተዘጋውን ስብሰባ ለሚገመግም ስብሰባ ገብተዋል። እሱም ሰባት ሰው ይፈልጋል፤ ሰባተኛው መምህር ታከለ ናቸው። መምህር ታከለ ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል፤ ለመውጣት ጢም አያስፈልግም፣ ለመመለስ ግን ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሙጫው ለቆ ሻዩ ውስጥ ገብቷል። ኑርዬ ሌላ ጢም የለውም። ፍየሏ አንድ ነበራት፣ ሰጥታለች። ሌላ ታብቅል ብንል ወረቀት ትፈልጋለች፤ ማህተም ያልነካው ወረቀት። እንዲህ ያለ ወረቀት ደግሞ፣ ዶክተር፣ በዚህ ግቢ የቀረው..."

ዓይኗ ጠረጴዛቸው ላይ አረፈ። እዚያ በገመድ የታሰረ ወፍራም የወረቀት ክምር አለ። ዶክተር ገረመው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ "ሊታተም ነው" የሚሉት መጽሐፋቸው ነው፤ ማህተም አላረፈበትም፣ ሰውም አላነበበውም።

ዶክተር ገረመው ክምሩ ላይ በሁለት ክንዳቸው ተደፉበት።

ከዚያ፣ ከመጽሐፋቸው ሳይነሱ፣ በአንድ እጃቸው መሳቢያውን ከፍተው ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፉላት።

"ጻፊ" አሉ።

ዘቢደር ቁጭ ብላ አራቱን ዓመት በቃሏ ጻፈች። ማስመሪያ አልነበራትም፤ መስመሩ ተንጋደደ። ዶክተር ገረመው ቀስ በቀስ ቀና አሉ፣ በትከሻዋ በኩል ማየት ጀመሩ።

"ስታትስቲክስ አንደኛ ዓመት ላይ? ከባድ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚገፉት።"

"ስድስት የተማሩ ሰዎች ሰባት ለመሆን ሦስት ቀን ሲፈጅባቸው አየሁ፣ ዶክተር። መቁጠሩን አስቀድሜ ብማረው ይሻለኛል።"

ዶክተር ገረመው ሳቁ፤ ሳቃቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡና አጠገቧ ተቀመጡ። "እሺ። ይሄን የምርምር ዘዴ ግን ከአራተኛ ዓመት አውጪውና ሦስተኛ ላይ አድርጊው። ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር አንድ ላይ ከወሰድሽው፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ሳታውቂ ልትጠይቂ ትወጫለሽ። እኔ እንዲያ አድርጌ ነው..." ክምሩን በዓይናቸው አመለከቱ። "ይኸው አሥራ ስድስት ዓመቴ።"

ዘቢደር ሰረዘች፣ ወደ ሦስተኛ ዓመት አዛወረች። ሰውየው አሥራ ስድስት ዓመት አማካሪ ተብለው ኖረዋል፤ ሰው ሲያማክሩ ግን ይሄ የመጀመሪያቸው ነበር። ቁራጯን ከአዲሱ ወረቀት ጋር በስቴፕለር አያያዙላት፤ አንድ ይበቃ ነበር፣ አራት ጊዜ መቱት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሬጅስትራር መስኮት ላይ ደረሰች። የመስኮቱ ሴትዮ ከግርጌ ብቻ አየች፤ ቁጥር አለ፣ ማህተም አለ፣ ፊርማ አለ። ከላይ ያለውን ከርዕሱ በቀር ልታነበው እንኳን አልሞከረችም።

"ፖለቲካ ሳይንስ" ብላ ጻፈች፣ መስኮቱንም ዘጋች።

ዓሣዎቹ ያለ ዘቢደር ቀሩ፤ ውኃ ሲገኝ እነሱም ይመደባሉ።

ተረቴን እዚህ ላይ ፈርሜ ዘጋሁ። ያመነ ያጨብጭብ፤ ያላመነ ሰኞ ይመለስ፣ የተረት ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት።